ስለ ሰበር ቅጾች ተማሪውም መምህሩም የሚሳሳቱት

የሕግ ተማሪ ስልክ ውስጥ የማይጠፋ ፋይል ቢኖር የሰበር ቅጽ ነው። የሥር ፍርድ ቤቶችን መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (በአጭሩ ሰበር) የሰጣቸው ውሳኔዎች በየቅጹ ተሰብስበው የታተሙበት ማለት ነው። ውስጡ ያለው የእውነተኛ ሰዎች ክርክር ነው፦ የቤት ሽያጭ፣ ፍቺ፣ ውርስ፣ ከሥራ መሰናበት። ለማስተማሪያ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ችግሩ አጠቃቀማችን ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሕጋችን የተጻፈ ነው፤ ጉዳይ ማጥናት የእንግሊዝና የአሜሪካ ተማሪ ሥራ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ ተደርድሮ ተቀምጧል፤ ትምህርቱም ከአንቀጹ መነሳት አለበት። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 454 መጣ። ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም፣ በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል አለ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234ም አስገዳጅነቱን አላስቀረም። ስለዚህ አንቀጹን ብቻ ሸምድዶ ችሎት የሚቀርብ ጠበቃ በባዶ እጁ እንደቀረበ ቁጠሩት።

ደግሞስ ከጉዳይ መማር ለእኛ ባዕድ ነው ያለው ማነው? በድሮው የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ዛፍ ሥር የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሥርዓቱን የተማረው ተከራካሪዎቹን እያየ ነበር።

«መግቢያው ላይ ያለችው አጭር ጽሑፍ ትበቃለች»

ይቺ ተማሪን የምትጥል ናት። ብዙዎቹ ውሳኔዎች ከመጀመራቸው በፊት ጉዳዩ ስለምን እንደሆነና የትኞቹ አንቀጾች እንደተነሱ የምትገልጽ አጭር ጽሑፍ አለች። ተማሪው እሷን ከመዝገብ ቁጥሩ ጋር ይሸመድድና «ሰበር እንዲህ ብሏል» ብሎ ፈተና ላይ ይጽፋል።

ሰበር ግን ያለው ለአንድ የተወሰነ ፍሬ ነገር፣ ማለትም በዚያ ጉዳይ ለተፈጸመው ነገር ነው። ፍሬ ነገሩ ትንሽ ከተለወጠ ትርጉሙ ላይሠራ ይችላል። ይህ የሚታየው ዳኞቹ ምክንያታቸውን የጻፉበትን ሐተታ ሲያነቡ ብቻ ነው፤ ጭብጡ (የሚወሰነው ጥያቄ) እንዴት ተያዘ፣ የሥር ፍርድ ቤት የቱ ጋ ተሳሳተ፣ ዳኞቹ አንዱን አንቀጽ ከሌላው ጋር እንዴት አስታረቁት። የልዩነት ሐሳብ ካለማ ጭራሽ መዝለል አይገባም። አንዳንዴ ከአብላጫው ድምፅ ይልቅ በሐሳብ ከተለየው ዳኛ የበለጠ ይማራሉ።

«አስገዳጅ ማለት አይለወጥም ማለት ነው»

አይደለም። አዋጅ 454 ራሱ ችሎቱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ እንደሚችል ይናገር ነበር። ደግሞም ሰጥቷል። የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀውን የቤት ሽያጭ ጉዳይ እንውሰድ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ፈራሽ ነው ይላል። ቁጥር 1723 ደግሞ እንዲህ ያለ ውል በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት ይደረግ ይላል። ታዲያ ሁለት ሰዎች ቤት በመንደር ውል ተሻሽጠው፣ ውልና ማስረጃ ሳይሄዱ ቢቀሩስ? በመዝገብ ቁጥር 21448 ሰበር የ1723 ሥርዓት ካልተሟላ ውሉ አይጸናም አለ። ቤት ገዝቻለሁ ብሎ የተቀመጠ ስንቱ ደነገጠ! በኋላ፣ በመዝገብ ቁጥር 36887፣ ውሉ መደረጉን ተዋዋዮቹ ካልካዱ በ1723 ሥርዓት አለመደረጉ ብቻ ውሉን ፈራሽ አያደርገውም የሚል አቋም መጣ።

የመጀመሪያውን ብቻ ያነበበ ተማሪ ደንበኛውን ያሳስታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ግን 1723 የቆመው ለምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ለውሉ መኖር ነው ወይስ ለማስረጃነቱ? እኔ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ሁለቱን አብሬ ነው የምሰጠው።

«በጉዳይ ማስተማር ማለት ታሪኩን ጥሩ አድርጎ መተረክ ነው»

መምህር ሲተርክ ክፍሉ ይስቃል፣ ይገረማል፣ ሰዓቱም ያልቃል። ተማሪው ግን አልፈረደም። በጉዳይ የማስተማር ዘዴውን በአሜሪካው ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ያስፋፋው ክሪስቶፈር ላንግዴል እ.ኤ.አ. በ1870 ዲን ሆኖ በዓመቱ የውል ጉዳዮችን ሰብስቦ ሲያሳትም፣ ሐሳቡ ተማሪው መርሁን ራሱ ፈልቅቆ እንዲያወጣ ነበር።

እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ፍሬ ነገሩን ብቻ አባዝቼ እሰጣለሁ፤ ውሳኔውን አስቀራለሁ። ለምሳሌ እናቱ የሞተችበት ልጅ አለ። አክስቱ አሳድጋዋለች። አባት መጥቶ ሞግዚትነቱ በሕግ የእኔ ነው ይላል። ፍረዱ እላለሁ። ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። የቤተሰብ ሕጉን የገለጠው ለአባት ይፈርዳል፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም ያሉት ይህንኑ ነበር። ከዚያ አንዷ ሕገ መንግሥቱን ትገልጥና አንቀጽ 36 ላይ ትቆማለች፤ «የሕፃኑ ደህንነት በቀደምትነት ይታሰብ» ይላል ትላለች። የሰበሩን ውሳኔ የማወጣው ያኔ ነው። ሰበርም አንቀጽ 36ንና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ይዞ ለአክስቲቱ ወስኗል። ያንን ክርክር ተማሪው ከዓመታት በኋላም አይረሳውም፤ ተርኬለት ቢሆን ግን እስከ ፈተናው ድረስ እንኳ አይቆይም ነበር።

«ቅጾቹን የጨረሰ የፍርድ ቤት ሥራን አወቀ»

ሰበር የሚያርመው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው፤ ማስረጃ አይመዝንም። ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ክስ እንዴት እንደሚረቀቅ፣ ቀጠሮ እንዴት እንደሚጓተት ከቅጽ አይገኝም። ለዚያ አንድ ጠዋት የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሄዶ የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ይሻላል።

«ታትሞ የወጣ ነው፤ ስም ብንጠራ ምን አለበት?»

የሕግ ክልከላ ባይኖርም እንኳ ጨዋነት አለ። አመልካችና ተጠሪ በሚለው ይበቃል። አንድ ጊዜ የውርስ ጉዳይ ከነስሙ ሳነብ ከኋላ አንዱ ተማሪ አንገቱን ደፋ። ከክፍል ስንወጣ ጠጋ ብሎ «ቲቸር፣ ተጠሪው አጎቴ ነው» አለኝ።