ቲም ፓርክ ምንድን ነው? ሰልፉስ እንዲህ የረዘመው ለምንድን ነው?

ኮምቦልቻ ላይ ባጃጅ ይዛችሁ «ፓርክ አድርሰኝ» ብትሉ የምትወርዱት ኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ላይ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ «መናፈሻ» የክፍለ ከተማ ስም ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ «ልጆቹን ቲም ፓርክ ወስጃቸው ነበር» ሲል ለሰሚው የፋብሪካ ሼድ ወይም ዛፍና አግዳሚ ወንበር ቢታየው አይፈረድበትም። «ቲም» የሚለውም ቃል ያሳስታል፤ የእግር ኳሱ ቲም ሳይሆን ጭብጥ ማለት ነው።

ቲም ፓርክ ዙሪያው የታጠረ፣ በር ላይ ተከፍሎ የሚገባበት የመዝናኛ ቦታ ነው፤ ውስጡ ያለው ነገር ሁሉ አንድ ታሪክ እንዲናገር ተደርጎ ይሠራል። ሁሉ ስንል የሕንፃው ፊት፣ ሙዚቃው፣ የሠራተኛው ልብስ፣ ምግቡ፣ የቆሻሻ መጣያው ቀለም ሳይቀር ነው። የመጫወቻ ማሽን ደርድሮ ቲኬት መሸጥ ብቻውን ቲም ፓርክ አያሰኝም። በኢድ ወይም በጥምቀት ሰሞን ሜዳ ላይ የሚተከለው ሽክርክሪት፣ በአየር የሚነፋው መዝለያና ጆተኒው መጫወቻ ናቸው፤ ጭብጥ የላቸውም። በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተከፈተው አንድነት ፓርክ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ራሱ ጭብጥ ሆኖለታል፣ ሮለር ኮስተር (ከከፍታ ቁልቁል የሚለቀቅ የመዝናኛ ባቡር) ግን የለውም። ቲም ፓርክ ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት የፈረንጅ ናቸው።)

የጥንቱን ታሪክ በሩጫ እንለፈው። ኮፐንሃገን አጠገብ ያለው ባከን ከ1583 ጀምሮ ሰው ሲዝናናበት የኖረ ነው፤ እዚያው ከተማ ውስጥ ቲቮሊ በ1843 ተከፈተ። ኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ላይ ላማርከስ ቶምሰን በ1884 በአምስት ሳንቲም የሚያሳፍር የቁልቁለት ባቡር ተከለ። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ጋሪ ይቀድመዋል። በ1895 ደግሞ ፖል ቦይተን እዚያው ኮኒ አይላንድ ላይ ቦታውን አጥሮ በር ላይ ማስከፈል ጀመረ። ዛሬ ቲም ፓርክ የምንለው መልክ የያዘው ግን በሐምሌ 1955 ዋልት ዲስኒ ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ላይ ዲስኒላንድን ሲከፍት ነው። በሩ አንድ ነው፤ ከበሩ የሚነሣው ዋና መንገድ አንድ አደባባይ ላይ ያደርሳል፤ ከአደባባዩ ወደ ጫካው፣ ወደ ካውቦይ አገር፣ ወደ ተረት፣ ወደ ነገው ዓለም የሚወስዱ መንገዶች ይለያያሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ የነገሩ ቁልፍ እዚያ ነው።

በ1955 የዲስኒላንድ መግቢያ ለአዋቂ አንድ ዶላር ነበር፤ ለእያንዳንዱ ማሽን ደግሞ ለብቻ ይከፈላል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የቲኬት ደብተር መጣ። ቅጠሎቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብለው ተለዩ፤ በኋላ ዲ፣ በ1959 ደግሞ ኢ ተጨመሩ። በኤ ቅጠል የሚሳፈሩት ቀስ ብላ በዋናው መንገድ የምትሄድ ሠረገላን የመሰለ ነገር ነው፤ ሰው የሚሞትለት ትልቁ ማሽን የሚፈልገው ኢ ነው፣ የኢ ቅጠል ደግሞ ደብተሩ ውስጥ ጥቂት ነው። ኢ ያለቀበት ቤተሰብ የቀሩትን ኤዎችና ቢዎች ላለማባከን ወደ ትንንሾቹ ይበተናል። እንደ ቀላል ነገር የሚታየው ይህ ደብተር በእኛ ግምት ከተረቱ ቤተ መንግሥት የበለጠ ሥራ ሠርቷል፤ ማንም ሳይቆጣ ሕዝቡን በግቢው ሁሉ ያከፋፍል ነበር።

በ1982 ደብተሩ ቀረና በሩ ላይ አንዴ ከፍሎ ቀኑን ሙሉ ያሻን መሳፈር ተተካ። ጥሩ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የሁሉም ማሽን ዋጋ ዜሮ ከሆነ በኤ ላይ ማን ይሳፈራል? ሁሉም ኢ ላይ ተሰለፈ።

ይህን በእኛው ሽክርክሪት ማየት ይቻላል። 16 ፈረስ አለው እንበል። ዙሩ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ማውረድና መጫኑ ሁለት ደቂቃ፤ በሰዓት 12 ዙር፣ 192 ልጅ ማለት ነው። በኢድ ቀን ለእያንዳንዱ ዙር ሲከፈል አባት «አንዴ ይበቃችኋል» ብሎ ልጆቹን ያወርዳል፣ ሌላው ይወጣል። ባለቤቱ ተነሥቶ «ለቀኑ አንዴ ክፈሉና እጃችሁ ላይ ክር ልሰር» ቢል፣ ያው 192 ቦታ አምስት አምስት ጊዜ በሚዞሩ 40 በማይሞሉ ልጆች ሊያዝ ይችላል። ማሽኑ አልተለወጠም፣ የሕፃናቱ ቁጥርም አልጨመረም፤ ሰልፉ ግን አጥር ጥሶ ይወጣል።

የዲስኒ ፓርኮች ለዚህ በ1999 ያመጡት መፍትሔ ፋስትፓስ ነበር፤ በነፃ። ማሽኑ አጠገብ ካለ ሣጥን ወረቀት ታወጣለህ፣ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው የአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ተመልሰህ በአጭሩ በር ትገባለህ። ጉድለቱ ወረቀቱን የያዘው ሰው እስከዚያ ድረስ ሌላ ቦታ ሄዶ መሰለፉ ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ተራ ያዘ ማለት ነው፤ ስለዚህ ድሮ ሰልፍ ያልነበራቸው ትንንሾቹም ሰልፍ አወጡ። በ2021 ደግሞ የዲስኒ ፓርኮች አሜሪካ ውስጥ ነፃውን አስቀርተው አጭሩን በር በገንዘብ መሸጥ ጀመሩ። ሌሎች ፓርኮችም በየራሳቸው ስም ይሸጡታል።

የተሸጠው ምን እንደሆነ ለመረዳት ማታ ደሴ ላይ የኮምቦልቻ ሚኒባስ የሚጠብቀውን ሰልፍ አስቡ። መኪናው 12 ሰው ይጭናል። ተራ አስከባሪው «50 ብር የጨመረ ፊት ይግባ» ብሎ ስምንቱን ወንበር ለእነሱ ቢይዝ፣ መኪና አልተጨመረም፣ በመሃል ያለው የሐረጎ ቁልቁለትም አላጠረም። የከፈለው ያተረፈው ደቂቃ በሙሉ የመጣው ቆሞ ከሚጠብቀው ሰው ላይ ነው። እኛ ጋ ቢሆን እዚያው ጠብ ይነሣል። ፓርኩ ውስጥ ግን ተራ አስከባሪው የመኪናውም ባለቤት ነው፤ ሰልፉ በረዘመ ቁጥር አጭሩ በር ይበልጥ ይሸጣል። ሰልፉን ለማሳጠር ያለው ጉጉት ቢቀዘቅዝ አይገርምም።

በቁጥር እንየው። ባለ 24 ወንበር የሮለር ኮስተር ባቡር በየ90 ሰከንዱ ቢነሣ በሰዓት 40 ጊዜ ይነሣል፤ 960 ሰው። ከፊታችሁ 480 ሰው ቢኖር ግማሽ ሰዓት ትቆማላችሁ። ከመቶ 70 ወንበሩ ለከፋዮቹ ከተያዘ ለእናንተ ሰልፍ በሰዓት የሚቀረው 288 ነው፤ ያው 480 ሰው አሁን አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። በዚህ ላይ ባቡሩ በየ90 ሳይሆን በየ120 ሰከንዱ ከተነሣ የሚቀረው 216 ሲሆን መቆሙም ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይደርሳል።

ያቺ 30 ሰከንድ የምትጠፋው በጥቃቅን ነገር ነው፦ ቦርሳውን የት እንደሚያስቀምጥ የጨነቀው ሰው፣ ቀበቶው የተጠመዘዘ ልጅ፣ ስልኩን አልከትም ያለ ጎረምሳ። ከሁሉ የከፋው ግን ቁመት በር ላይ ሳይሆን መሳፈሪያው ላይ ሲለካ ነው፤ ለትልልቆቹ ማሽኖች ብዙ ጊዜ 122 ሳንቲ ሜትር ይጠየቃል፣ ያልሞላው ልጅ እያለቀሰ ሲወርድ እናትም አብራ ትወርዳለች፣ ባቡሩ ይጠብቃል።

መጠበቁ ደግሞ እዚያው ላይ አያበቃም፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ማሽኑን ማየት ያስፈልጋል። የመደበኛው ሮለር ኮስተር ባቡር ሞተር የለውም። ካቴና ጎትቶ ጫፍ ያደርሰዋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ከሐረጎ አናት ቁልቁል እንደተለቀቀ መኪና ነው። ሲወጣ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ካቴናው ቢበጠስ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጥርስ ላይ እየወደቀ የሚይዝ ብረት ነው። ጎማው ሦስት ዓይነት ነው፦ ከላይ የሚሸከም፣ ከጎን የሚደግፍ፣ ከሐዲዱ ሥር ገብቶ ባቡሩ እንዳይነሣ የሚይዝ፤ የሥሩን ጎማ ጆን ሚለር በ1919 በስሙ አስመዝግቦታል። የከባድ መኪና ሾፌር የሚገርመው ፍሬኑ ነው፤ ባቡሩ ላይ የለም። ሐዲዱ ላይ በየቦታው የተተከለ መቆንጠጫ ነው፣ ስለዚህ «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው የሐረጎ አደጋ እዚህ በዚያ መልኩ አይመጣም።

ሐዲዱ በክፍል በክፍል ተለይቷል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ አንድ ባቡር ብቻ ይገባል። መሳፈሪያው ላይ ያለው ባቡር ካልተነሣ የሚመለሰው ከመሳፈሪያው በፊት ባለው ፍሬን ላይ ይቆማል፣ ሦስተኛው ደግሞ ካቴናው ላይ ወገቡ ድረስ ወጥቶ ይታሰራል። ሰው «ተበላሸ» ብሎ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አልተበላሸም፤ ሥርዓቱ እንደታዘዘው ሠርቷል። ግን አንድ የተጠመዘዘ ቀበቶ ሦስት ባቡር አቆመ።

ጭብጡም ደክሟል። የድሮዎቹ ጫካ፣ ካውቦይ፣ ነገ፣ የማንም ነበሩ፤ ማንም ሰው ሳይነገረው ይገባዋል። ዛሬ አዲስ የሚሠራው ባብዛኛው የአንድ ፊልም ቅጥያ ነው፣ ፊልሙን ያላየ አያት መሃል ላይ ግራ ይገባዋል። ብዙ ማሽኖችም ወንበር እየነቀነቁ ስክሪን የሚያሳዩ ሆነዋል። ለባለቤቱ ይመቻሉ፤ ጣሪያ ሥር ስለሆኑ ዝናብ አይዘጋቸውም፣ ፊልሙን በመቀየር ብቻ «አዲስ» ይባላሉ። ቀኑን ሙሉ ስክሪን እጁ ላይ ለሚውል ልጅ ግን ሌላ ስክሪን ለማየት መሰለፍ ምኑ ነው?

በቁመት የተወዳደሩትም ሒሳቡ ከብዷቸዋል። ኒው ጀርሲ ላይ በ2005 የተከፈተው ኪንግዳ ካ የተባለው ሮለር ኮስተር 139 ሜትር ከፍታ ነበረው፣ በጊዜው የዓለም ረጅሙ። በየካቲት 2025 በፈንጂ ፈረሰ። 

ዋጋውን ብናይ፣ ፍሎሪዳ ያለው የዲስኒ ፓርክ በ1971 ሲከፈት መግቢያው 3 ዶላር ተኩል ነበር፤ በ2015 የአንድ ቀኑ 105 ዶላር ገባ። የገንዘቡን መርከስ ብናስብ የ1971ዱ ዋጋ 20 ዶላር ገደማ ነው የሚሆነው። እርግጥ ያኔ ማሽኑ ለብቻው ይከፈል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ አጭሩ በር ለብቻው ይከፈላል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሰው አልቀረም፤ ይኸው ፓርክ በ2019 ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደገባበት ይገመታል። የቀረው በሩ ላይ ከፍሎ ከገባ በኋላ ኪሱን ረስቶ መዋል ነው።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ መጫወቻ መክፈት ለሚያስብ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው የ1955ቱ አሠራር ነው፦ በየዙሩ አስከፍል፣ ትንሹን ማሽን ርካሽ አድርግ፣ ሕዝቡ ራሱ ይከፋፈላል። ከማሽኖቹ በጣም የሚናቀው፣ አደጋው ግን ቅርብ የሆነው በአየር የሚነፋው መዝለያ ነው። ነፋሱ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ካለፈ ልጆቹ መውረድ አለባቸው። ቢያንስ ስድስት ቦታ ይታሰራል፤ ካስማ በማይገባበት አስፋልት ወይም ኮብልስቶን ላይ ከሆነ እያንዳንዱ ማሰሪያ ወደ 163 ኪሎ ክብደት ይፈልጋል፣ አንድ ኩንታል ተኩል አለፍ ያለ አሸዋ ማለት ነው። መንፊያው ሳያቋርጥ ይሠራል፤ መብራት ከጠፋ ግድግዳው ወዲያው መርገብ ይጀምራል፣ ጄኔሬተር ለማስነሣት ከመሮጥ በፊት ልጆቹን ማስወጣት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የረጠበው ላስቲክ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ሳይደርቅ አይከፈትም።

ዱባይ ወይም አሜሪካ ሄዶ ሰልፍ ላይ የቆመ ደግሞ የተጻፈውን የመጠበቂያ ሰዓት ከማመን ራሱ ይለካ። ባቡሩ ከተነሣ ጀምሮ ቀጣዩ እስኪነሣ ሰከንዱን ቁጠሩ፣ 3600ን ለዚያ አካፍሉ፣ በወንበሩ ቁጥር አባዙ። ከዚያ መሳፈሪያው አጠገብ ሠራተኛው ከአጭሩ በር ስንት ሰው አስገብቶ ከእናንተ ስንት እንደሚያስገባ ሦስት ባቡር ያህል ተመልከቱ፤ ድርሻችሁ ያ ነው። ወንበር ባዶውን ሲሄድም ካያችሁ ብቻውን ለመጣ ሰው የተለየ ሰልፍ መኖሩን ጠይቁ። ከቤተሰብ ጎን ለጎን አያስቀምጥም፣ ሰልፉ ግን ብዙ ጊዜ አጭር ነው፣ ተጨማሪም አያስከፍልም።