«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል»፦ ስለ ሁለተኛው ግማሽ

ይህን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ይከብዳል። የሚጠቀስበት ቦታም የታወቀ ነው፤ ስብሰባ ላይ አንዱን ቃል ሲያመልጠው፣ ሽምግልና ላይ ነገር ሲከር፣ ልጅ ለታላቁ በንቀት ሲመልስ። «ኧረ ተው፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይባላል። የቀረውን አድማጩ በልቡ ይጨርሰዋል፣ አለዚያም ይተወዋል። ሁለተኛው ሐረግ ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ይመስል። እኔ ግን ወደዚህ ተረት የገባሁት በጓሮ በር ነው፤ ከስፌት መኪና ጀርባ ተቀምጬ።

አስቀድመን ቃሉን ፈታ እናድርገው። «ከ» እዚህ ላይ ምክንያትን ያሳያል፤ ከአነጋገር የተነሣ፣ ከአያያዝ የተነሣ ማለት ነው። ሁለቱ ግሦች ደግሞ ባለቤታቸውን ደብቀዋል። ማን ነው የሚፈረደው? ምንድን ነው የሚቀደደው? ተረቱ አይናገርም። እኔን የሚገርመኝ «ይፈረዳል» የሚለው ነው። አማርኛችን «ይፈረድለታል» እና «ይፈረድበታል» ብሎ ለመለየት አንዲት ፊደል ይበቃዋል፤ ተረቱ ግን ሁለቱንም ትቶ መሀል ላይ ቆመ። ብዙ ሰው ማስፈራሪያ አድርጎ ስለሚጠቀምበት «ይፈረድበታል» ብሎ ይሰማዋል እንጂ፣ አነጋገሩ ያማረለት ሰው ይፈረድለታልም ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሐረግ የችሎት ልጅ ነው። ሙግት በአፍ በነበረበት ዘመን፣ «በልሃ ልበልሃ» እየተባባሉ ዳኛ ፊት ሲቆሙ፣ እውነቱን መያዝ ብቻውን አያዋጣም ነበር። ተሟጋቹ ቃሉን መመጠን፣ ነገሩን በምሳሌ ማዋዛት፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረግ ነበረበት። ጥሩ ነገር ይዞ አነጋገር ያጣ ሰው ይሸነፍ ነበር። በዚያው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ የሚሄዱበት ልማድ ነበር። አንዱ ተናዶ ቢጎትት የሚቀደደው ማን እንደሆነ መቼም ግልጽ ነው። ተረቱ እዚያ ተወለደ ብዬ አልምልም፤ ነገር ግን ቃልና ሸማ በአንድ ቋጠሮ የታሰሩበት አገር እንዲህ ያለ ተረት ቢኖረው አይደንቅም።

ሁለተኛው ሐረግ ደግሞ የቤት ልጅ ነው። ጥጡ ተፈልፍሎ፣ ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ፣ ከዚያ ወደ ሸማኔ ሄዶ ድሩ ተዘርግቶ ማጉ ገብቶ የተሠራ ነጠላ የስንት ቀን ድካም እንደሆነ ፈታዮቹ ያውቃሉ። እንዲህ ያለው ልብስ ሲቀደድ «ሳስቶ ነው» ማለት ይቀላል። ተረቱ ያንን አይቀበልም። ጥፋቱን ከጨርቁ ላይ አንሥቶ እጅ ላይ ያደርገዋል።

ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አክስቴ ዓይናቸው ሲደክም በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናቸውን ሰጡኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፋሁት ከአሮጌ አንሶላ የትራስ ልብስ ነበር፤ አራት ቀጥ ያሉ ጎኖች፣ ሌላ ምንም። መኪናው ዘገየብኝ መሰለኝና ጨርቁን ከኋላ በግራ እጄ ስቤ ስቤ አስኬደው ጀመር። መርፌው ተሰበረ። ቀየርኩት፣ ደግሞ ተሰበረ። በሦስተኛው አክስቴ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ ሳያዩም፣ ድምፁን ሰምተው ብቻ፦

«አንቺ ልጅ፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» አሉኝ።

ሁለተኛውን ሐረግ ብቻውን ሲነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አጠገቤ መጥተው እጄን ከጨርቁ ላይ አነሡትና ጣቴን ብቻ በስሱ መልሰው አስቀመጡት። «እሱ መሄዱን ያውቃል። አንቺ መንገዱን አሳዪው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመርፌው ሥር፣ ከብረቱ ጠፍጣፋ ላይ ብቅ ጥልቅ የሚሉ ትንንሽ ጥርሶች አሉ። መርፌው ከጨርቁ ሲወጣ ጥርሶቹ ጨርቁን አንድ እርምጃ ወደፊት ይገፉታል፤ መርፌው ሲገባ ይቆማሉ። ሰፊው ከኋላ ሲስብ መርፌው ገና ጨርቁ ውስጥ እያለ ይጎብጣል፣ ቀዳዳውን ስቶ ብረቱን ይመታል፣ ይሰበራል። ባይሰበር እንኳ ስፌቱ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር ይሆናል፤ ሳሳ ያለ ጨርቅ ከሆነም በመርፌው ቀዳዳ በኩል ይተረተራል። ጀማሪ ጨርቁን የሚያጠፋው ጥብቅ አድርጎ ስለያዘው ነው።

እዚህ ላይ ሌላው የአያያዝ ተረታችን ትዝ ይለኛል፦ «አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው»። ያ ልል አድርጎ የያዘውን ይቀማል፤ ይህ አጥብቆ የያዘውን ይቀድዳል። ሁለቱን ተረቶች አንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው የስፌትን ግማሽ ተማረ ማለት ነው። የቀረው ግማሽ መተኮስ ነው፤ ካውያ የሌለው ሰፊ አይባልም ይሉ ነበር አክስቴ፣ ይህ እንኳ ተረት አይደለም፣ የእሳቸው ነው።

ከትራስ ልብሱ ወደ መጋረጃ አለፍኩ፤ መጋረጃ ረጅም ከመሆኑ በቀር የሚያስተምረው ጥቂት ነው። ከዚያ የልጄ የሌሊት ሱሪ መጣ። ወገቡ ላይ ላስቲክ አስገብቼ፣ አምሮብኝ፣ አለበስኩት። ኳሱን ለማንሣት ቁጢጥ ሲል ከመቀመጫው ተተረተረ። ሳቁ ለሳምንት ቀጠለ። ፈትቼ ሳየው ጥፋቱ ሁለት ነበር፤ ከስፌቱ ውጭ የሚቀረውን ጨርቅ ቆጥቤ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ትቼዋለሁ፣ ያም ሲፈታታ ስፌቱ የሚይዘው ክር አጣ። ደግሞም ብዙ የሚወጠረውን ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰፋሁት። አሁን አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር እተዋለሁ፣ እዚያ ቦታ ላይም ደርቤ እሰፋለሁ። አቡጀዲ ከሆነ ደግሞ ሳላጥብ አልቆርጥም፤ ታጥቦ የሚሰበሰበው ሳይሰፋ በፊት ይሰብሰብ። ለሴት ልጄ የእንቁጣጣሽ ቀሚስ ስሰፋ ከታች አምስት ሳንቲ ሜትር አጥፌ አስቀረሁ። ያ እጥፋት እስካሁን ሁለት ጊዜ ተለቅቋል።

ግን የልጄ ሱሪ ከመተርተሩ በፊት የሆነ ነገር አለ፤ ተረቱን ሙሉ ያደረገልኝ እሱ ነው። ልብሱን ስሰጠው «ትንሽ ጠማማ ነው፣ አይታይም እንጂ፣ እግሩ ጋ ተሳስቻለሁ» ብዬ ነበር። መጋረጃውንም ስሰቅል እንዲሁ ብያለሁ። የሚገርመው ያ ሁሉ ሰው እኔ ያሳየሁትን ጠማማ ብቻ ያያል። ዐሥር ሜትር ቀጥ ያለ ስፌት አለ፣ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ እግሩ ጋ ይፈልጋል። ዳኞቼን ራሴ ሰብስቤ፣ ክሱንም ራሴ አንብቤ፣ ተፈረደብኝ ብዬ አዝናለሁ። ከአነጋገር ይፈረዳል ማለት ይኸው ነው።

የባለቤቴን የሸሚዝ ኮሌታ በገለበጥኩ ጊዜ አፌን ዘጋሁ። ኮሌታ መገልበጥ የቆየ ሙያ ነው፤ አንገት የሚነካው እጥፋት አልቆ ሲበላ ኮሌታው ከሥሩ ተፈትቶ ይነሣል፣ ተገልብጦ ይመለሳል፣ ያለቀው ወገን ከሥር ይደበቃል። ከባዱ መፍታቱ ነው። ክሩን በጥድፊያ የጎተተ ሸሚዙን ይቀድዳል፤ ከሦስት ከአራት ስፌት አንዱን እየቆረጡ ቀስ ብሎ መምዘዝ ነው። ጨርሼ፣ ተኩሼ፣ መስቀያው ላይ ሰቀልኩት። ለብሶት ሄደ። ማታ ሲመለስ «አዲስ ሸሚዝ ገዛሽልኝ እንዴ?» አለኝ። ያንን ሸሚዝ ስንት ዓመት ለብሶታል! መልስ አልሰጠሁትም።

አሁን በቅርቡ እናቴ ነጠላዋን አምጥታ ጭኔ ላይ ጣል አደረገችው። ከጥለቱ በላይ የአውራ ጣት ያህል ተቀድዷል፤ በር ላይ ሚስማር ይዞት ነው። እናቴ ስፌት ታውቃለች፣ የእሷ ስፌት ግን የስንደዶና የአክርማ ነው፤ ያደግኩት እሷ በሰፋችው መሶብ እየበላሁ ነው። ነጠላ በመኪና አይሞከርም። ከዘርፉ ከራሱ ጥቂት ክር መዘዝኩ፤ የሱቅ ክር ይወፍራል፣ ነጭነቱም አንድ አይሆንም። በቀጭን መርፌ፣ ክሩን ሳላከር፣ በድሩ መካከል ላይና ታች እያልኩ አለፍኩት። አክርሬው ቢሆን ይሸበሸብ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀ።

ስመልስላት ምንም አላልኩም። ገልብጣ ጀርባውን በጣቷ ዳሰሰችው፣ መሶብ ስትገዛ እንደምታደርገው። ጣቷ ቦታው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ክሩን ከየት አመጣሽው?»

«ከዘርፉ።»

«ስንት መዘዝሽ?»

«ስድስት።»

ነጠላውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ዘርፉን መቁጠር ጀመረች።