ያችው «25 ሜትር»

ሶታ፣ ማለትም ተራራ ጫፍ ወጥቶ በአማተር ሬዲዮ መገናኘት፣ በተነሳ ቁጥር «25 ሜትር» ታጨቃጭቀናለች። የእግር መንገድ አይደለችም፤ የከፍታ ልዩነት ናት።

ባሕር ዳር አጠገብ ያለ ኮረብታ ጫፉ 1,960 ሜትር ነው እንበል። እስከ 1,935 ወርዳችሁ አንቴና ብትተክሉ ጫፍ ላይ እንዳላችሁ ይቆጠራል። አናቱ ሜዳ ከሆነ 300 ሜትር ብትራመዱም ግድ የለም። ከዚያ በታች ወርዳችሁ ሌላ ጉብታ ከወጣችሁ ግን ቀረ! ከመኪና ባትሪ ገመድ መሳብም አይሠራም፤ ባትሪውን ተሸክሞ መውጣት ነው (ወገብ ይቻለው)። ነጥብ ለማግኘት 4 የተለያዩ ጣቢያዎችን በሬዲዮ ማነጋገር ያስፈልጋል።

እስካሁን ያልኩት የትም አንድ ነው። የሚለያየው ኮረብታው ከዙሪያው ጎልቶ መውጣት ያለበት መጠን ነው፤ በአብዛኛው 150፣ አንዳንድ አገር 100 ሜትር። ከባሕር ወለል አይለካም፤ እንደዚያማ ቢሆን 1,800 ላይ የተቀመጠችው ባሕር ዳር ራሷ ተራራ ነበረች።