ካሬ ሁልጊዜ አያዋጣም

መራዊ ላይ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆችን ሳስጠና «ትልቁ ስፋት ስንት ነው?» የሚል ወርድ ፕሮብሌም ሲመጣ ፊታቸው ይቀያየራል። የሚያስፈራቸው ሒሳቡ ሳይሆን ስለ ሒሳቡ የሰሙት ወሬ ነው።

«ያለ ካልኩለስ አይሠራም»

ካልኩለስ 12ኛ ክፍል ነው የሚመጣው። ለዚህ ግን ኮምፕሊቲንግ ስኩዌር (ካሬ መሙላት፦ ቀመሩን በቅንፍ ካሬ መልክ መጻፍ) ይበቃል። የቁጥር ካሬ (ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ) ከዜሮ በታች አይወርድም፤ ሚስጥሩ ይኸው ነው።

«ካሬ ሁልጊዜ ያሸንፋል»

አራቱንም ጎን ካጠራችሁ፣ እውነት ነው። 40 ሜትር ሽቦ 10 በ10 ሲሆን 100 ካሬ ሜትር ይይዛል፤ 15 በ5 ሲሆን 75 ብቻ። ማሳው ከቆጋ መስኖ ዋና ቦይ ጋር ቢዋሰንስ? በቦዩ በኩል አጥር አያስፈልግም እንበል። ወደ ቦዩ የሚሄዱት ሁለት ጎኖች እያንዳንዳቸው «ወ» ሜትር ከሆኑ፣ ለሦስተኛው 40 − 2ወ ይተርፋል።

ስፋት = ወ(40 − 2ወ) = −2(ወ² − 20ወ)

የ20 ግማሽ 10፣ ካሬው 100። እሱን ሞልተን ስናስተካክለው፦

ስፋት = 200 − 2(ወ − 10)²

ከ200 ላይ ምንም የማይቀነሰው ወ = 10 ሲሆን ነው። ማሳው 10 በ20፣ ስፋቱ 200 ይሆናል። ካሬ ካልሆነ ብሎ ሙጥኝ ያለ ሰው ሽቦውን ለሦስት ከፍሎ 178 ገደማ ያገኛል። 22 ካሬ ሜትር ሽንኩርት ቀረበት ማለት ነው።

«ወ ከተገኘ አለቀ»

የተጠየቃችሁት ስፋት ከሆነ 10 ብሎ መውጣት ዋጋ የለውም። እኔም ተማሪ ሳለሁ በዚህ ነጥብ ጥያለሁ።

«ጫፉ ሁልጊዜ ትልቁ ነው»

ጫፍ የምንለው ቅንፉ ዜሮ ሲሆን የሚገኘውን ነው። ከካሬው ፊት ያለው ምልክት ቀናሽ ከሆነ ትልቁ፣ ደማሪ ከሆነ ትንሹ ነው። ድምራቸው 10 የሆኑ ሁለት ቁጥሮች፣ አንዱ «ሀ» ከሆነ፣ የካሬዎቻቸው ድምር 50 + 2(ሀ − 5)² ነው። ከ50 አይወርድም።

«ዋጋ በጨመረ ቁጥር ገቢ ይጨምራል»

ባሕር ዳር መናኸሪያ አካባቢ ሻይ የምታፈላ እህት በ10 ብር 60 ብርጭቆ ትሸጣለች እንበል። አንድ ብር በጨመረች ቁጥር 4 ብርጭቆ ይቀርባታል። ጭማሪው «ጨ» ይሁን።

ገቢ = (10 + ጨ)(60 − 4ጨ) = 625 − 4(ጨ − 2.5)²

ጫፉ 12 ብር ከ50 ላይ ነው። ግን ሳንቲሙን ማን ይመልሳል? በ12 ብር 52 ብርጭቆ፣ 624 ብር። በ13 ብር 48 ብርጭቆ፣ አሁንም 624። እኔ ብሆን 13 አደርገዋለሁ። ገቢው ያው ነው፤ የ4 ብርጭቆ ስኳርና ከሰል ግን ይተርፋል።