በአዋቂዎች ላይ የሚታይ የመዋጥ ችግር፦ ምርመራውና ሕክምናው በሰሜን ሸዋ

በመንዝም ሆነ በአንኮበር ሕመምተኛው «እህል አልወርድልኝ አለ» ብሎ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው፣ ብዙ ጊዜ ቆሎውን ትቶ ወደ ፍትፍት፣ ከፍትፍቱም ወደ አጥሚት ከዞረ በኋላ ነው። የትኛውን ምግብ መቼ እንደተወ በደንብ ከተጠየቀ የምርመራው ግማሽ አለቀ ማለት ነው።

ገና ሊውጥ ሲል የሚያስለው፣ ትን የሚለው ወይም ፈሳሹ በአፍንጫው የሚመለስበት ሰው ችግሩ አፍና ጉሮሮው ላይ ነው፤ ዋናው መንስኤ ስትሮክ ሲሆን እጅ የሚያንቀጠቅጠውና ሰውነት የሚያደርቀው የአንጎል በሽታ፣ ፓርኪንሰንም ያመጣዋል። ከዋጠ በኋላ ደረቱ ላይ የሚቆምበት ግን 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የምግብ ቧንቧ ታሟል። ጠጣር ብቻ ካስቸገረው ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው። ይኸው በወራት ውስጥ ብሶ ፈሳሽም ከከለከለና ሰውየው ከከሳ፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ካንሰር ይጠረጠራል። ከመነሻው ጠጣሩም ፈሳሹም እኩል እምቢ ካለ የቧንቧው ጡንቻ እንቅስቃሴ ታውኳል፤ የቧንቧው የታች በር አልከፈት የሚልበት አካሌዥያ የሚባለው በሽታ አንዱ ነው።

«እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ማስቆረጥ ዛሬም አልቀረም። እንጥል ምግብ አያግድም፤ የቆረጣው ትርፍ መድማትና ማመርቀዝ ነው። ይልቅ አፉን ከፍቶ ማየት ብዙ ይናገራል፦ ነጭ ሽፋን ካለ ፈንገስ ነው፣ የኤችአይቪ ምርመራም ያስፈልገዋል። ከምንጭ ጎንበስ ብሎ የሚጠጣ ሰው ደም እየተፋ ጉሮሮው ውስጥ የሚላወስ ነገር ከተሰማው አልቅት ሊሆን ይችላል። ትልቅ እንቅርት ከውጭ ይጫናል። በረኪና ጠጥቶ ከሆነ የቧንቧው ጠባሳ ከሳምንታት በኋላ መጥበብ ያመጣል፤ ይህን ሰው ፊት ማንም ስለማይናገረው ለብቻ መጠየቅ ይገባል።

ደረት ላይ ለሚቆም ምግብ ቀዳሚው ምርመራ ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ የሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው፤ ውስጡን ያሳያል፣ ናሙናም ይወሰድበታል። ባሪየም የተባለውን በራጅ ላይ ጎልቶ የሚታይ ፈሳሽ አስጠጥቶ የሚነሳ ራጅ አካሌዥያን በወፍ ምንቃር ቅርጹ ያስለያል። ለዚህ ሕመምተኛው ወደ ደብረ ብርሃን፣ ካንሰር ከተገኘ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወዳለችው አዲስ አበባ ይላካል።

ሕክምናው እንደ መንስኤው ነው። ፈንገሱ ፍሉኮናዞል በተባለው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ከ14 እስከ 21 ቀን ይታከማል። ጠባሳ ያጠበበው ቧንቧ ደረጃ በደረጃ ይሰፋል። ካንሰር ቶሎ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ካለፈ ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት ይገባለታል። ለአካሌዥያ ቧንቧውን በፊኛ ማስፋት ወይም ከ1913 ጀምሮ የሚሠራበት የጡንቻ መሰንጠቅ ቀዶ ሕክምና አለ።

ስትሮክ ላይ ግን ጉዳቱ ከቤት ይመጣል። አስታማሚ አዝኖ የተጋደመውን ሰው ውሃ ያስጎነጨዋል፤ ቀጭን ፈሳሽ ደግሞ ከወፍራሙ ይልቅ ወደ ሳንባ ይገባል። የመዋጥ ብቃቱ ሳይፈተሽ በአፉ ምንም አይሰጠውም። መዋጥ ከቻለም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ወፈር ያለ አጥሚት በትንሽ በትንሹ ነው። ካልቻለ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ይመገባል።

የጥሬ ሥጋ ጉርሻ ተቀርቅሮ ምራቅ እንኳ አልወርድ ሲል በእንጀራ ወይም በአረቄ መግፋት አይገባም፤ ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል በሰዓታት ውስጥ መድረስ አለበት።