በሽታ የሚመስሉ የኤምአርአይ ጥላዎች

ወገቡን አሞት ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ የተነሳ ሰው ለኤምአርአይ፣ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት ለሚያሳየው ምርመራ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሊላክ ይችላል። ከደብረ ብርሃን እንኳ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ፊልሙን በፌስታል ይዞ ሲመለስ ጎረቤት ሁሉ ወደ ፀሐይ አንስቶ ያያል። ፊልሙ ላይ የታየ ሁሉ ግን በሽታ አይደለም። ከማሽኑ፣ ከእንቅስቃሴ ወይም ከብረት የሚመጣ ሐሰተኛ ምልክት አለ። ባለሙያዎቹ አርቲፋክት ይሉታል።

ኤምአርአይ በጠንካራ ማግኔት፣ ብዙውን ጊዜ በ1.5 ወይም በ3 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ)፣ ውሃና ስብ ውስጥ ካለው ሃይድሮጂን ምልክት ይሰበስባል። እንደ ፎቶ ቀጭ ብሎ አያልቅም። አንዱ ዙር ብቻ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። በመሐል ታካሚው ቢያስል ወይም በብርድ ቢንቀጠቀጥ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ግልባጩም ሌላ ቦታ ያርፋል። ዝም ብሎ ቢተኛም ደም ሥሩ ይመታል። የአኦርታ፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ሥር፣ ትርታ ግልባጭ ጉበት ላይ ወድቆ እብጠት የሚመስልበት ጊዜ አለ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጀርባው ነው። ሕብለ ሰረሰር መሐል ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር ሲታይ ውሃ የቋጠረ ይመስላል። አንዳንዴ ግን መስመሩን የፈጠረው ማሽኑ ነው፤ ደማቁና ጨለማው በሚዋሰኑበት ጠርዝ በቂ መረጃ ካልሰበሰበ እንዲህ ያለ መስመር ይወጣል። በሕብለ ሰረሰሩ ዙሪያ ያለው ፈሳሽ በፍጥነት ሲፈስም ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል። ያበጠ ደም ሥር ነው ብሎ መሳሳት ቀላል ነው።

ትከሻ ላይ ደግሞ ጅማቱ ከማግኔቱ አቅጣጫ 55 ዲግሪ ገደማ ካዘነበለ በአንዳንድ ምስሎች ላይ ደምቆ የተጎዳ ይመስላል።

ብረት አካባቢውን ያጠቁራል፣ ቅርጹንም ያጣምማል። የፀጉር ማስያዣና የአንገት መስቀል የሚወልቁት ለዚህም ነው። ማተብ በጥስ ማለት አይደለም፤ ክሩ ጉዳት የለውም። ሰውነቱ ውስጥ ጥይት ወይም ፍንጣሪ የቀረበት ሰው ግን ቀድሞ ይናገር። ይህ ከምስሉም በላይ ለራሱ ደህንነት ነው፣ ማግኔቱ ሊያንቀሳቅሰው ይችላልና።

ምስሉን የሚያነበው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱ፣ ሲጠራጠር ምልክቱ የሚሰበሰብበትን አቅጣጫ ቀይሮ ያስደግማል። እውነተኛ እብጠት ካለበት አይነቃነቅም። የትርታው ግልባጭ ግን ከአቅጣጫው ጋር ይዞራል። «ይደገም» ሲባል ብዙ ሰው ክፉ ነገር ተገኘብኝ ብሎ ይደነግጣል። ያ ጥላ ይዞር እንደሆነ ለማየት ሊሆን ይችላል።