የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ምንድን ነው? የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎችስ ምን አገኙበት?

ልጅ ሆናችሁ ሌባና ፖሊስ ተጫውታችሁ ከነበረ፣ ጨዋታው የት ላይ እንደሚበላሽ ታውቃላችሁ። «መትቼሃለሁ፣ ሙት!» ይላል አንዱ። «አልነካኸኝም!» ይላል ሌላው። ከዚያ በኋላ የሚያሸንፈው ድምፁ የጎላው ወይም ጉልበቱ የበረታው ልጅ ነው። የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ፣ በፈረንጅ ስሙ ሮል ፕሌይንግ ጌም፣ ይህንኑ የልጅነት ጨዋታ ወስዶ ዳኝነቱን ለዳይስ የሰጠ ነው።

አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ ዓለሙን የሚያውቀው፣ ጠላቱንም ባለሱቁንም ሆኖ የሚናገረው እሱ ነው። ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ የገጸ ባሕርያቸው ጉልበት፣ ብልሃትና ሙያ በቁጥር የሰፈረበት ወረቀት ፊታቸው ተዘርግቷል። አጫዋቹ፣ «የመርከቧ ሞተር ቆሟል፤ የቀራችሁ አየር የ6 ሰዓት ነው። ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። አንዷ፣ «ውጭ ወጥቼ እጠግነዋለሁ» ትላለች። ዳይሱ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ከሙያዋ ጋር ይደመራል፤ ካልበቃ መፍቻው ከእጇ አምልጦ በጠፈር ውስጥ እየተንሳፈፈ ይሄዳል። እንደ ሉዶ ሰሌዳ የግድ አያስፈልግም፤ እንደ ዳማ አሸናፊና ተሸናፊም የለም። ታሪኩ እስኪያልቅ፣ አንዳንዴ ለዓመታት፣ በየሳምንቱ ይቀጥላል።

ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው ጨዋታ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ያወጡት (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ሥሩም በትንንሽ የወታደር ምስሎች የሚካሄደው የጦርነት ጨዋታ ነበር። በ1977 ደግሞ የማርክ ሚለር ትራቭለር መጣና ጨዋታውን ጠፈር ላይ አወጣው። ትራቭለር አንድ የሚገርም ሕግ ነበረው፦ ገጸ ባሕርያችሁን ስታዘጋጁ ከጨዋታው በፊት በባሕር ኃይል ወይም በጦር ሠራዊት ያሳለፈውን ዘመን በዳይስ ትወስናላችሁ፤ ዳይሱ ከጨከነ ሰውዬው ጨዋታው ሳይጀመር ይሞታል። ወረቀቱን ቀዳችሁ እንደገና መጀመር ነው።

ጸሐፊዎች እዚህ ምን አገኙ? «ሐሳብ ያገኛሉ» የሚለው መልስ ለእኔ አይጥመኝም። ሐሳብ የትም ይገኛል። ብቻውን የሚጽፍ ሰው ያጣው የማይታዘዙትን ሰዎች ነው። በልብ ወለድ ጀግናው በግራ በኩል ሂድ ሲሉት ይሄዳል። ጠረጴዛው ላይ ግን አምስቱም በቀኝ ይሄዱና፣ «ይህቺ ከተማ ውኃ ከየት ታመጣለች?» ብለው ይጠይቃሉ። መልስ ከሌለ ዓለሙ ወረቀት መሆኑ ይታወቃል።

ይህ በደንብ የታየው በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአልበከርኪ ነው። በ1983 ደራሲው ቪክተር ሚላን ለጓደኛው ለደራሲው ጆርጅ አር አር ማርቲን የልደት ስጦታ ሱፐርወርልድ የተባለ የልዕለ ኃያላን (እንደ ሱፐርማን ያለ ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች) ጨዋታ ሰጠው። የማርቲን የዚያ ዓመት ልብ ወለድ በገበያ ወድቆ ነበር፤ ስጦታው ደግሞ ሱስ ሆነበት። ደራሲዎቹን ሜሊንዳ ስኖድግራስን፣ ዋልተር ጆን ዊልያምስንና ሌሎችንም ይዞ ለሁለት ዓመት ያህል ተጫወቱ። ማርቲን አጫዋች ሆኖ ለጨዋታው የሚያዘጋጀው ነገር መጻፊያ ጊዜውን በላበት፤ የቤት ዕዳ የሚከፈለው ደግሞ በመጻፍ ነው። ስለዚህ ከዚህ ጨዋታ ገንዘብ የሚገኝበትን መንገድ መፈለግ ነበረባቸው። ዋይልድ ካርድስ የተባለው የብዙ ደራሲዎች የጋራ ተከታታይ መጽሐፍ እንዲህ ተወለደ፤ የመጀመሪያው ቅጽ በ1987 ወጣ፣ ዛሬ ከ30 በላይ ቅጾች አሉት።

ግን የተጫወቱትን እንዳለ አልገለበጡትም፤ ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በጨዋታው እያንዳንዱ ልዕለ ኃያል የራሱ አመጣጥ ነበረው፤ አንዱ በአስማት፣ አንዱ በማሽን፣ አንዱ በሌላ። ጠረጴዛ ላይ ማንም ግድ የለውም። በመጽሐፍ ላይ ግን አንባቢ እንዲያምን ሁሉም ከአንድ ምንጭ መቀዳት ነበረበት። መፍትሔው ቫይረስ ሆነ፦ በ1946 በኒው ዮርክ ሰማይ ላይ የተበተነ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ። ከተያዙት 100 ሰዎች 90ውን ይገድላል፣ 9ኙን አካላቸውን ያዛባል፣ ለ1 ሰው ብቻ ኃይል ይሰጣል። ጨዋታው ሰዎቹን ሰጠ፤ የሳይንስ ልብ ወለዱ ምክንያቱን አመጣ።

ሁለተኛው ታሪክም ከዚያው ግዛት አይርቅም። ታይ ፍራንክ የማርቲን ረዳት ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ሰው ማርስ ላይና በአስትሮይዶች ቀበቶ (በማርስና በጁፒተር መካከል በሚዞሩት ዐለቶች) ላይ የሰፈረበትን ዘመን በመጀመሪያ ያሰበው በኢንተርኔት ለሚጫወቱት የኮምፒውተር ጨዋታ ነበር። ያ ሳይሳካ ሲቀር ከሰዎች ጋር በጽሑፍ እየተለዋወጠ፣ ኋላም ጠረጴዛ ላይ አጫወተው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ልብ ወለድ ጸሐፊው ዳንኤል አብርሃም ነበር። አብርሃም የፍራንክን ማስታወሻ አየ፤ ዓለሙ ተሠርቶ አልቋል፣ የቀረው መጻፍ ብቻ ነው። ሁለቱ ጄምስ ኤስ ኤ ኮሪ በሚል አንድ የብዕር ስም በ2011 የመጀመሪያውን መጽሐፍ አወጡ። ዘ ኤክስፓንስ የተባለው ይህ ተከታታይ 9 ልብ ወለድ ሆኖ በ2021 ተጠናቀቀ፤ በ2020 ሁጎ የተባለውን ታዋቂ የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት በተከታታይ መጽሐፍ ዘርፍ አሸነፈ፤ ከ2015 ጀምሮም በቴሌቪዥን 6 ምዕራፍ ታየ።

በመጀመሪያው መጽሐፍ የመርከቧ የሕክምና ሠራተኛ ሼድ ጋርቪ ገና ሳንላመደው፣ በአረፍተ ነገር መካከል እንዳለ ያህል፣ በድንገት ይሞታል። አንባቢ ይደነግጣል፤ ደራሲ እንዲህ አይጨክንም እንላለን። ምክንያቱ ግን የሚያስቅ ነው፦ ሼድን ይዞ ይጫወት የነበረው ሰው ከጨዋታው ወጣ።

መንገዱ የአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ስትሮስ ዛሬ ስመ ጥር የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ ነው፤ በአሥራዎቹ ዕድሜው ግን ለጨዋታ መጽሔት ጭራቆች ፈጥሮ የሚልክ ልጅ ነበር። ከፈጠራቸው መካከል ከባርነት ያመፁት ጊትያንኪዎች በ1981 በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይፋዊ መጽሐፍ ገቡ። ስማቸውን የተዋሰው ከየት መሰላችሁ? ማርቲን በ1977 ካወጣው ልብ ወለድ። እነዚሁ ፍጡራን በ2023 ባልደርስ ጌት 3 በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ለሚሊዮኖች ደረሱ፤ በዚያ ጨዋታ ያለችውን ጊትያንኪ፣ ላኤዜልን፣ የወደደ ሁሉ ያን ልጅ ያመስግን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፦ የሌላ ሰው ጨዋታ ሲተረክ መስማት የሌላ ሰው ሕልም እንደመስማት ነው፤ ለባለቤቱ እንጂ ለሰሚው አይጥምም። ከጠረጴዛ ተነስተው ጥሩ መጽሐፍ የጻፉት የተጫወቱትን ሁሉ የጻፉት ሳይሆኑ ብዙውን የጣሉት ናቸው።

ዘ ኤክስፓንስም በ2019 ተመልሶ የጠረጴዛ ጨዋታ ሆነ፤ ሕጉ በመጽሐፍ ታትሞ ይሸጣል። ከፈለጋችሁ የመርከብ ሐኪም ሆናችሁ መግባት ትችላላችሁ። ከቀጠሮ አትቅሩ እንጂ።